የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ባለቤት አናሳጣው

ወገኖቼ የወሎ ሰዎች፣ በተለይም ከቧንቧ ውሃ እስከ ሸዋ በር በደሴ የምትኖሩ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያም ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ በብዙ ኀዘን ነው። በየሰፈራችን ያለውን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትተነዋል። አጥሩ ሲፈርስ እያየን እናልፋለን፤ በግቢው ጥግ ቆሻሻ ሲከመር የማንም ጉዳይ አይሆንም፤ ርዕሰ መምህሩ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ በእኛ ፈንታ የልጁን ታላቅ እኅት እንልካለን። ልጁ አራተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ሲያቅተው ግን መምህሩን ለመውቀስ የሚቀድመን የለም።

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲያስተምሩ፣ ከብዙ ዘመን በኋላም ጀማ ንጉሥና ዳና በተባሉት የእስልምና ትምህርት ስፍራዎች ሸኾች ኪታብ ሲያቀሩ፣ ተማሪውንም ደረሳውንም ከጎተራው ቀንሶ ያበላ የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ይኸው ልማድ አብሮት ገባ። ጣሊያን በ1928 ደሴን በአውሮፕላን ደብድቦ አገሩን ከያዘ በኋላ የተቋረጠው ትምህርት ከ1933 ወዲህ እንደገና ሲጀመር፣ የመማሪያ ክፍል ጥያቄ ከመንግሥት አቅም በላይ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ በየአውራጃው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሠራት በጀመሩ ጊዜ፣ ሕዝቡ የወጪውን ድርሻ በገንዘብና በጉልበት እንዲሸፍን ይጠየቅ ነበር፤ ሸፈነም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ብዙ እናቶችና አባቶች ቀን ልጆቻቸው በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። እንግዲህ ዛሬ «የመንግሥት ነው» ብለን የምናልፈው ግቢ አባቶቻችንና እናቶቻችን ድንጋዩን ራሳቸው ተሸክመው የገነቡት፣ በስተርጅናም የተማሩበት ቤት ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ክፍያን ማስቀረቱ ለድሃው ልጅ ትልቅ በር ከፍቷል፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ገንዘብ ስላልከፈልን የመጠየቅም የማገልገልም ግዴታ የለብንም ብለን ማሰባችን የራሳችን ጥፋት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ በዚያ ግቢ የነበረው አብሮ የማደግ ትምህርት መመናመኑ ነው። የነጋዴው ልጅና የሸክም ሠራተኛው ልጅ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ከአንድ መጽሐፍ ያነብቡ ነበር። ረመዳን ሲገባ ክርስቲያኑ ልጅ ከጾመኛ ጓደኛው ፊት ምሳውን አያወጣም፤ በዐቢይ ጾምም ሙስሊሙ ልጅ እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ያዘዛቸው መምህር አልነበረም፤ አብሮ መዋል ያመጣው ጨዋነት ነው። ወሎ በመቻቻል ትታወቃለች እያልን በየመድረኩ የምንኮራበት ጠባይ ከተኮተኮተባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ግቢ መሆኑን አንርሳ። አሁን አቅም ያለን ሰዎች ልጆቻችንን ወደ ግል ትምህርት ቤት ወስደናል። መብታችን ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ከልጆቻችን ጋር ሐሳባችንንና ተሰሚነታችንንም ይዘን ስለወጣን፣ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የቀሩት ወረዳ ድረስ ሄዶ የሚከራከርላቸው ሰው የሌላቸው ሆነዋል።

የሰሜኑ ጦርነት ይህን ቁስል አባብሶታል። በ2013 ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ወገናችን ደሴ ሲገባ ያስጠለሉት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ በዞኖቻችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱም። ታጣቂው ላደረሰው በደል የሚጠየቅበት ስፍራ አለው፤ እኔ ዛሬ የምናገረው ለእኛ ነው። በዚያ ግርግር ከትምህርት ቤት የወጣ ዴስክ፣ ቆርቆሮ ወይም በር በቤቱ ያለ፣ ወይም ከየት እንደመጣ እያወቀ በርካሽ የገዛ ሰው ካለ፣ ያ ዕቃ ዛሬ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚማር ሕፃን መቀመጫ መሆኑን ይወቅ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ በተከታዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። ድንጋጤው አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቷል። ማንበብ የሚለመደው አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ያልተያዘውን ልጅ በኋላ የሚገዛለት አጋዥ መጽሐፍ አያድነውም። በክልላችን በጸጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት በዋሉበት በዚህ ዘመን፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት በር ክፍት የሆነለት ሰው ቸል ማለቱ ደግሞ ምንም ምክንያት የለውም።

እኛ መደራጀት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ሰው ሲሞት ቅሬአችን፣ ማለትም እድራችን፣ ሃይማኖት ሳይለይ በአንድ ጥሪ ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ለሞተ ሰው እንዲህ የምንሰበሰብ ሰዎች ለሕፃናት ትምህርት በዓመት ሁለት ቀን መውጣት እንዴት ያቅተናል? ስለዚህ የቅሬ መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት አጀንዳ አድርጉ፤ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ተቀምጣችሁ አጥሩን ማን እንደሚያጥር፣ መጸዳጃ ቤቱን ማን እንደሚጠግን ወስኑ። ግንበኛው፣ አናጢውና ቆርቆሮ መቺው በሰፈሩ አሉ። ልጆቻችሁን በግል ትምህርት ቤት የምታስተምሩም ከዚህ ሥራ ነፃ አይደላችሁም። የትምህርት ቤት ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ የነሐሴ ምዝገባ ሳይጀመር ለርዕሰ መምህሩ ያስረክብ፤ የሚመልሰውን ሰውም ከየት አመጣኸው ብለን አናሳፍረው።