የጋደሞታ ዕድሜ በካርቦን አልተለካም

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ጋደሞታ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ያለ፣ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው። «ካርቦን ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ ስለማይለካ፣ የጋደሞታ 270 ሺህ ዓመት ፈጠራ ነው» የሚለው አስተያየት እየተቀባበለ ነው። ስለ ካርቦን የተባለው ልክ ነው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው፤ ጋደሞታ በካርቦን አልተለካማ!

የጋደሞታ የባልጩት መሣሪያዎች የተገኙት ከእሳተ ገሞራ አመድ ሥር ነው። በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ መቼ እንደወደቀ ይታወቃል። ከሥሩ ያለው መሣሪያ ደግሞ ከአመዱ ይቀድማል። የሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመትም በዚሁ መንገድ የተገኘ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ሳይታረም ከቀረ ተማሪዎቻችን እሷንም «ውሸት» ሊሏት ነው።

ማጣራት ቀላል ነው። ስለ ቦታው የወጣውን ጥናት ክፈቱና የአለካኩን ዘዴ እዩ፤ «አርጎን» የሚል ታገኛላችሁ።