ዱራንት መጣ፤ ኳሱን ማን ያደርስለታል?

ስለ ቡድናችን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ጸሐፊው የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ቡድን ሂውስተን ሮኬትስ ኮከቡን ኬቨን ዱራንትን ከፊኒክስ ቡድን በማምጣቱ የዋንጫ ተፎካካሪ ሆኗል ማለቱ ትክክል ነው። በለውጡ ተጫዋቾቻችንን ጄለን ግሪንንና ዲለን ብሩክስን መስጠት ኪሳራ ነው የሚለውን ሐሳብ ግን ፈጽሞ አልቀበለውም። በ2025 የጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በጎልደን ስቴት ቡድን 103 ለ 89 የተረታንበትን የመጨረሻውን፣ ሰባተኛውን ጨዋታ ያስታውሱ። የመሃል ተጫዋቻችን አልፔረን ሼንጉን ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ሲታገል ተከላካዮች ይከቡት ነበር። ሌላው ተጫዋቻችን አሜን ቶምፕሰን ከሩቅ እምብዛም እንደማያስቆጥር ስለሚታወቅ ጠባቂው ያለ ስጋት ይተወዋል። መተንፈሻ አጣን! አሁን ዱራንት አለ፤ የተከላካይ እጅ ፊቱ ላይ ተዘርግቶም ቢሆን ከመካከለኛ ርቀት አንስቶ ያስቆጥራል። 37 ዓመት መሙላቱ ይህን ችሎታ አልወሰደበትም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የፍሬድ ቫንቭሊት ጉዳት ነው። በመስከረም 2025 የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ፣ ኳስ በእርጋታ አምጥቶ በሰዓቱ የሚያቀብለውን ሰው አጣን። ወጣቱ ተጫዋቻችን ሪድ ሼፐርድ ጥሩ ተኳሽ ነው፤ ነገር ግን በሊጉ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ስለሆነ ይህ ሁሉ ሸክም ይከብደዋል። አሰልጣኝ ኢሜ ኡዶካ ኳሱን ለቶምፕሰን ቢሰጠው እመርጣለሁ፤ ኳስ የያዘን ሰው ማንም ትቶት አይሄድም።

ተፎካካሪያችን ኦክላሆማ ሲቲ ግን በ2025 ሻምፒዮን የሆነበትን ቡድን አልበተነም፤ ወጣት ኮከቦቹንም በረጅም ውል አስሯል። ስለዚህ በ2025-26 የውድድር ዘመን በሊጉ የምዕራብ ምድብ ሁለተኛ እንሆናለን ብዬ እገምታለሁ፤ ቫንቭሊት ጤነኛ ቢሆን ኖሮ አንደኛ እንል ነበር።