ማስተካከያ፦ ሁለቱ 15 በመቶዎች

ባለፈው ሳምንት ስለ ኑሮ ውድነት ስጽፍ «ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. 15 በመቶ ታክስ ጣለ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ።

የነቃሁት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ በልቼ ደረሰኙን ሳይ ነው (ደረሰኝ ማንበብ የጀመርኩት ዋጋው ካናደደኝ ወዲህ ነው)። እዚያ ላይ ያለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በፓርላማ የጸደቀ አዋጅ እንጂ የባንክ ውሳኔ አይደለም። ገንዘቡም ወደ መንግሥት ካዝና ገብቶ ለደመወዝ፣ ለመንገድ ይወጣል።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ይፋ ያደረገው ሌላ 15 በመቶ ነው፤ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ። ከንግድ ባንኮች ጋር ሲበዳደር መነሻ የሚያደርገው ነው። ከማንም ምሳ ላይ አይቆረጥም። ምጣኔው ከፍ ሲል ብድር ይወደዳል፣ ተበዳሪ ይቀንሳል፣ ገበያ ውስጥ የሚዞረው ብርም ረገብ ይላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው።

«ታዲያ የባሕር ዳር ነጋዴ በ15 በመቶ ይበደራል?» ላላችሁኝ፦ አይደለም። የእሱን ወለድ የሚተምነው አበዳሪው ባንክ ራሱ ነው።