ለማያሸንፈው ልጅ የተሰጠ ማሊያ

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመውጫ ደወል ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይደወላል። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ጨዋ ልጅ የሚባለው ደወሉ እንደተሰማ ቢጫውን አውቶቡስ ተሳፍሮ ቤቱ የሚገባው ነው። አምሽቶ የሚመጣው ያሳስበናል፤ "እስከዚህ ሰዓት ምን ሲሠራ ነበር?" እንላለን። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሬ፣ ልጆቼንም እዚሁ አስተምሬ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። እዚህ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጆቻችን ከሚሰጠው ነገር ብዙው፣ ምናልባትም የሚበልጠው፣ የሚገኘው ከዚያ ደወል በኋላ ነው።

ደወሉ ተደውሎ ግቢው አይበተንም። አንዱ ክፍል ውስጥ የክርክር ቡድን ተቀምጧል፤ ሌላው ውስጥ ሮቦት ይገጣጠማል፤ አዳራሹን የቴአትር ልጆች ይዘውታል፤ ከሕንፃው ጀርባ ማርሽ ባንዱ ጡሩንባና ከበሮውን ይዞ ይሰለፋል። ስፖርቱ በመጸው፣ በብርዱ ወራትና በጸደይ ተከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2023/24 የትምህርት ዘመን በመላው አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የተመዘገበው ተሳትፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

የእንግዳ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በዓርብ ማታው የአሜሪካ እግር ኳስ ላይ ነው። መብራቱም ጩኸቱም ያምራል። የእኔን ልብ የወሰደው ግን ከወላጅ በቀር ተመልካች የሌለው የአገር አቋራጭ ሩጫ ነው።

ሩጫው 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሣር፣ በጭቃ፣ በጫካ መሐል። የአንድ ትምህርት ቤት ዋና ቡድን 7 ሯጮች ያሰልፋል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የገቡበት ደረጃ ይደመርና ዝቅተኛ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። ከዋናው ቡድን ሌላ ደግሞ በርካታ ልጆች ይሮጣሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚህ ቡድን የሚባረር ልጅ የለም፤ ልምምድ የመጣ ሁሉ ማሊያ ይሰጠዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመጨረሻው ዳገት አጠገብ ቆሜ ነበር። የፊተኞቹ ገብተው ውኃቸውን ጠጥተው ጨርሰዋል። መንገዱ ባዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ አንድ ወፍራም ልጅ ከጫካው ወጣ። ፊቱ ቀልቷል፤ ሩጫው ከእርምጃ ብዙም አይሻልም። ቀድመውት የገቡት ጓደኞቹ ተመልሰው መጥተው ከገመዱ ውጭ ዳር ለዳር እየሄዱ ስሙን ይጠሩ ጀመር። ሲገባ የሒሳብ መምህር የሆነው አሰልጣኙ ሰዓቱን አይቶ "ባለፈው ሳምንት ከሮጥከው በ40 ሰከንድ ፈጥነሃል" አለውና መዝገቡ ላይ ጻፈለት። የአንደኛውንም ሰዓት የመዘገበው በዚያው ገጽ ላይ ነው።

እኔ ያደግሁት በሩጫ ስሟ በዓለም በገነነ አገር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የትምህርት ቤቱን ማሊያ ለብሶ ሲሮጥ ግን አገር ቤት አይቼ አላውቅም።

ደሴ ስማር የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነበረን። ለሰማንያ ልጅ አንድ ኳስ ይመጣል። መጫወት የሚችሉት ይጫወታሉ፤ የቀረነው ዙሪያውን እንቆማለን። ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተጫዋቾቹን ሹራብና ደብተር ይጠብቃሉ። ክፍል ለክፍል ውድድር ሲኖርም የሚሰለፈው ያው አሥራ አንዱ ነው። መምህራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ኳስ ከዚህ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ደግሞም ከደወል በኋላ የሚባል ሰዓት አልነበረንም። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ፈረቃ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የከሰዓቱ ሲወጣ ደግሞ ይመሻል።

ምንም አልነበረንም ማለቴ ግን አይደለም። የቀይ መስቀል ክበብ ነበር፤ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት የሚያሰራጭ ሚኒ ሚዲያ ነበር። ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚፈራ ልጅ ድምፅ ማጉያ ፊት ቆሞ ግጥም አንብቦ ሌላ ሰው ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ያ ክበብ የሚንቀሳቀሰው በአንድ የአማርኛ መምህር ትከሻ ላይ ነበር፤ እሳቸው ሲዛወሩ ክበቡም ቀረ።

የአንድ መምህር ትከሻ ምን ያህል እንደሚሸከም ከበቆጂ በላይ የሚያሳይ ቦታ የለም። መምህር ስንታየሁ እሸቱ በአርሲዋ በቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆናለች። ይህን የመሰለ ታሪክ ያለን ሰዎች "የትምህርት ቤት ስፖርት ጊዜ ማባከን ነው" ስንል ስሰማ ያንገበግበኛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን በግራ ብብቱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይደርስ እንደነበር ሁላችንም እናወራለን። በየገጠሩ እንዲያው እየሮጡ ትምህርት ቤት የሚደርሱት የቀሩት ልጆችስ? ለሻምፒዮና ያልበቁትን ሰዓታቸውን የመዘገበላቸው፣ ካለፈው ሳምንት ተሻላችሁ ያላቸው ሰው አለ?

"በዚህ የፈተና ውጤት ላይ ሆነን ስለ ሩጫ ይወራል ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ የሚያሳስበኝ የቀሩት ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ከተመላለሱበት ግቢ ሲወጡ ከዚያ ውጤት ሌላ ምን ይዘው ወጡ? በአንድ ነገር እንኳ ሲሻሻሉ ያየላቸው፣ በስማቸው የጠራቸው ጎልማሳ ነበር?

አሜሪካኖቹም ይህን ከጥንት ጀምሮ አላገኙትም፤ በክስና በሕግ ነው ያመጡት። እ.ኤ.አ. በ1972 በትምህርት ቤት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ሲወጣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚሳተፉት ሴቶች በመላ አገሪቱ 300 ሺህ አይሞሉም ነበር። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከእኛ ካውንቲ ቀጥሎ ባለው በሃዋርድ ካውንቲ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ታትያና ማክፋደን ሩሲያ ውስጥ እግሮቿ ሳይታዘዙላት ተወልዳ፣ በሕፃናት ማሳደጊያ ቆይታ፣ ሜሪላንድ በጉዲፈቻ የመጣች ልጅ ናት። በ15 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ከአቴንስ ፓራሊምፒክ የብርና የነሐስ ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። በትምህርት ቤቷ ቡድን ገብታ በተሽከርካሪ ወንበሯ ልትወዳደር ስትል ግን ከሌሎቹ ጋር ሳይሆን ባዶ መም ላይ ብቻዋን እንድትሮጥ ተደረገ። ከእናቷ ጋር ሆና ከሰሰች። የካሳ ገንዘብ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ከጓደኞቿ ጎን መሮጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍርድ ቤቱ ፈረደላት፤ በ2008 ሜሪላንድ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስፖርት እኩል ዕድል እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ዛሬ የእኛም ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ በር የተከፈተው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ የማከብራቸው አባት ይህን ስናገር ሰምተው ቆጣ አሉ። "ልጄ፣ እኔ ሌሊት ታክሲ የምነዳው ልጅቷ ሐኪም እንድትሆንልኝ ነው። ሩጫውንማ አገር ቤትም ትተነው ነው የመጣነው።"

"ጋሼ፣ እዚህ ካውንቲ አማካይ ውጤቱ ከ4.0 ታስቦ ከ2.0 በታች የሆነ፣ ወይም ከአንድ ትምህርት በላይ የወደቀ ልጅ በውድድር አይሰለፍም" አልኳቸው። "አሰልጣኙ ውጤቷን እንደ እርስዎ ይከታተላል።"

ዝም ብለው ቆዩና "ሲመሽ ማን ያመጣታል?" አሉኝ።

ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። የብዙ ወላጆቻችን እምቢታ ውስጡ ሲታይ የሥራ ፈረቃ፣ የመኪናና የሴት ልጅ ስጋት ነው። በአንዳንድ ቀናት የማታ አውቶቡስ እንዳለ፣ ካውንቲው ለወላጆች የሚያወጣቸው መልእክቶች በአማርኛም እንደሚገኙ፣ አሰልጣኙን ቀርቦ ማነጋገር እንደሚቻል ነገርኳቸው። "እንግዲያስ ሰውየውን በዓይኔ ልየው" አሉና በሳምንቱ ሄደው አዩት። ልጅቷ አሁን ትሮጣለች።

እዚህ ያለው ሁሉ ያማረ ነው አልልም። የትምህርት ቤት ገንዘብ ጥቂት የማይባለው ከንብረት ግብር ስለሚመጣ ቤቱ ውድ የሆነ ሰፈርና የደኸየ ሰፈር እኩል አይደሉም። ሀብታም ወላጆች ማኅበር አቋቁመው ለቡድናቸው የሚያሰባስቡትን ገንዘብ ሌላው አያገኝም። በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በግል ክለብ ብዙ ሺህ ዶላር ተከፍሎለት የሠለጠነው ልጅ የእኛን የታክሲ ነጂ ልጅ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ቀን ጥሎት ያልፋል። በአሜሪካ እግር ኳስ የሚደርሰው የጭንቅላት ጉዳትም እኔን ስለሚያስፈራኝ ልጄን አላስገባሁም። ማንንም የማይመልሰውን ሩጫ አጥብቄ የምወደው ለዚህም ጭምር ነው።

አገር ቤት ላለው ትምህርት ቤት እኛ ውጭ ያለነው የቀድሞ ተማሪዎች በየጊዜው እናዋጣለን። ኮምፒውተር እንልካለን፣ መጽሐፍ እንልካለን፣ አጥር እናሠራለን፤ ሁሉም ያስፈልጋል። ማደራጀትም አያቅተንም፤ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሥርቶ በየዓመቱ ከያለንበት ከተማ የሚያሰባስበን በእኛው ጉልበት ነው። ለኳስ ይህን ያህል የምንሰበሰብ ሰዎች ለአንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የትርፍ ሰዓት አበል መክፈል እንዴት ያቅተናል?

ፈረቃው ጊዜ አልሰጥ ካለ ቅዳሜ ጠዋት አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን ግቢ በአብዛኛው ሰፊ ነው፤ በአዲስ አበባ በኪራይ ቪላ ውስጥ የሚያስተምሩት የግል ትምህርት ቤቶች የሌላቸውን ሜዳ እነርሱ አላቸው። ለሩጫ ከመሬቱና ከሰዓት መያዣው በቀር ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን መጪ ስብሰባ ላይ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህር፣ ለአንድ ዓመት የቅዳሜ አበል፣ ለወንዱም ለሴቷም ማሊያ። ከገንዘቡ ጋር በጽሑፍ እንዲሰፍር የምጠይቀው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ ቀርፋፋ ነህ ተብሎ የሚመለስ ልጅ እንዳይኖር።