ኖዋር ያለ ጥቁርና ነጭ ይቆማል?

የጥቁርና ነጭ ተሟጋች፦ ኖዋር፣ ማለትም ያ ጨለማ የለበሰው የሆሊውድ የወንጀል ፊልም ስልት፣ የተሠራው ከጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944ቱ «ደብል ኢንደምኒቲ» የፊልም ቀራጩ ጆን ሳይትዝ መብራቱን በመስኮት መጋረጃው አግዳሚ ስንጥሮች አሳልፎ ባለታሪኩን ገና ሳይታሰር ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶታል። ጨረሩ እንዲታይም አየሩ ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ በትኗል። ቀለም ጥላን ይገድላል፤ በቃ።

የቀለም ተሟጋች፦ «ይገድላል» ያሉት ስህተት ነው። ስለታም ጥላ የሚወጣው መብራቱ ትንሽና ራቅ ያለ፣ መጋረጃው ደግሞ ጥላው ወደሚያርፍበት ግድግዳ የቀረበ ሲሆን ነው። መብራቱን መጋረጃው ላይ ካስጠጉት ወይም ፊቱን በስስ ጨርቅ ከሸፈኑት፣ በጥቁርና ነጭ ቢቀርጹም ጠርዙ ይደበዝዛል። ደግሞስ በ1945 በቴክኒከለር፣ በዘመኑ የቀለም ፊልም ዘዴ፣ የተሠራውን «ሊቭ ሄር ቱ ሄቨን» የት ሊያደርሱት ነው? ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሴትዮዋ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ጀልባዋ ላይ ተቀምጣለች፤ የባሏ ወንድም እየሰጠመ ዝም ብላ ታየዋለች።

የጥቁርና ነጭ ተሟጋች፦ መብራት አተካከል የማላውቅ አስመስለው መጻፍዎ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ የምለው ስለ ግራጫው ነው። ቀይ ቀሚስና አረንጓዴ ግድግዳ በጥቁርና ነጭ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ሰውን ከግድግዳው የሚለየው ከኋላው የሚመጣ ብርሃን ነው። በ1955ቱ «ዘ ቢግ ኮምቦ» መጨረሻ ቀራጩ ጆን አልተን ሁለት ሰዎችን ጭጋግ ውስጥ ጥቁር ቅርጽ ብቻ አድርጎ አቁሟቸዋል። በቀለም ቢሆን ዓይን ቀሚሱን ተከትሎ ይሄዳል።

የቀለም ተሟጋች፦ እንግዲህ «ይገድላል» ወደ «ዓይን ይስባል» ወረደ። ጭጋግና የኋላ ብርሃን ከሆነ የሚፈልጉት፣ ቀራጩ ጆርዳን ክሮነንወዝ በ1982ቱ «ብሌድ ራነር» በቀለም ሠርቶታል፤ ክፍሉን በጭስ ሞልቶ ኃይለኛ ጨረር በመስኮት ያስገባል። ከባዱ ሥራ የጭሱ መጠን ነው፤ ከሳሳ ጨረሩ ይጠፋል፣ ከበዛ ጥቁሩ ሁሉ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል፣ ከተለዋወጠ ቀረጻዎቹ አይገጣጠሙም። የ2001ዱ «ዘ ማን ሁ ዋዝንት ዜር» እንኳ የተቀረጸው በቀለም ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሆነው ሲታተም ነው። ታዲያ ጥላውን ማን ገደለው?

የጥቁርና ነጭ ተሟጋች፦ አንዲት ቃል ይዘው አይልቀቁኝም ማለት ነው። ዋናው ነገር የባለታሪኩ መታፈን፣ መውጫ ማጣቱ ነው። የዚያን ዘመን የሆሊውድ ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዲያመልጥ አይፈቅድም ነበር፤ ተመልካቹ ሰውየው እንደሚወድቅ እያወቀ ያያል። በ1968 ደንቡ ሲቀር ያ ገመድ ተበጠሰ።

የቀለም ተሟጋች፦ ከመብራት ተነስተን ሕግ ላይ ደረስን። በ1974ቱ «ቻይናታውን» ክፉው ሀብታም ኖኅ ክሮስ አይቀጣም። ልጁን ፖሊስ በጥይት ይገድላታል፤ እሱ የሟቿን ልጅ አቅፎ ይወስዳል። መርማሪው ሟቿን ሊያድን የሞከረው ሁሉ ወደተገደለችበት መንገድ አድርሷታል፤ ጓደኞቹ ክንዱን ይዘው ያርቁታል። ገመዱ ከተበጠሰ ይህን ሰው ያነቀው ምንድን ነው?