የጎፍ አረንጓዴ ነው፣ ሚዳቋዋስ የት ትደበቅ?

ኮምቦልቻ ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ የጎፍ ተራራ አረንጓዴ ነው። ደኑ ደህና ነው ያስብላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ወጥቼ ውስጡን እስካይ ድረስ። ከላይ ጥዱም ወይራውም አለ። ከታች ግን የተጠረገ ግቢ ይመስላል። ጭራሮው ተለቅሟል፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሯል፣ የበቀለውን ፍየል ቀርጥፎታል።

ጓደኛዬ ልጅ እያለ ከብት የጠበቀው እዚያው ነው። "ወላሂ፣ እዚህ ጋ ሚዳቋ ከእግራችን ሥር ነበር የምትነሳው" አለኝ። ያን ቀን ኮቴዋን እንኳ አላየንም።

በዘፈን ቆንጆ ሁሉ ሚዳቋ ናት። እውነተኛዋ ግን ቁመቷ እስከ ትከሻዋ ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ብቻዋን መኖር የምትወድ ትንሽ እንስሳ ናት። መከላከያዋ መደበቅ ነው፤ ሰው ሲመጣ ጥሻ ውስጥ ድርቅ ብላ ትቆያለች፣ አጠገቧ ሲደርስ ድንገት ተፈናጥራ ግራ ቀኝ እየታጠፈች ሌላ ጥሻ ውስጥ ትገባለች። የምትበላውም በአብዛኛው ሣር ሳይሆን ቅጠል፣ ቀንበጥና የወደቀ ፍሬ ነው። ቁጥቋጦው ሲመነጠር መደበቂያዋም ምግቧም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

በዓለም ደረጃ ሊጠፉ ነው ከሚባሉት አይደለችም፣ ከሰሃራ በታች በብዙ አገር አለች። ለዚህም ይመስለኛል ማንም የማይጮህላት። ግን ሌላ አገር መብዛቷ ለየጎፏ ምን ይፈይዳል? ከታች ከተማና ፋብሪካ፣ ዙሪያውን እርሻ ነው፤ ወዴት ትሰደድ?

ማገዶ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርደውን እናት አልወቅስም። እንጀራውን በምን ትጋግር? በ2014ቱ ጦርነት መብራት ሲጠፋ ምን ያህል ማገዶ ላይ እንደወደቅን ሁላችንም እናውቃለን። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ጥሩ ነው፣ እኔም ተክያለሁ። ግን ዛፍ ስንቆጥር ከዛፉ ሥር ያለውን ረሳነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሥሩ ብዙም ነገር አያስበቅልም፤ ከሩቅ ደን ይመስላል፣ ለሚዳቋ ግን ሜዳ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከተዳፋቱ የተወሰነው ከምሳርና ከከብት ይከለል። ሣሩን አጭዶ መውሰድ ይቻላል፣ ፍየልና ውሻ ግን አይግባ። አጋሙ፣ ቀጋው፣ ክትክታው ሥሩ እስካለ ድረስ ራሱ ያቆጠቁጣል። ለዚህ ጉድጓድ መቆፈርም ባነር ማሠራትም አያስፈልግም።