ቻው ካሉ በኋላ

ሰው ሥራ የሚለቀው አንድ ቀን ነው፤ ቻው ሲባባል የሚከርመው ግን ወር ሙሉ ነው።

እኛ ቢሮ አንድ ልጅ ነበር። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። በነዚህ አራት ዓመታት ስለሱ ሰው ደስ ብሎት ሲያወራ የሰማሁት «ዛሬ አልገባም» ሲባል ብቻ ነው። ስልኩን በስፒከር ያወራል። ፕሪንተሩ ላይ ወረቀት አጣብቆ ምንም እንዳልተፈጠረ ሹልክ ይላል። ስብሰባ አልቆ ሁላችንም ደብተራችንን ዘግተን ልንነሳ ስንል «አንድ ጥያቄ ነበረችኝ» ይላል። (ይህቺኛዋን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።)

አንድ ቀን ጠዋት መልቀቂያ አስገባ ተባለ። ከዚያማ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጻድቅ ሆነ።

«እንደሱ ያለ ሰው እኮ አይገኝም!» «ውይ፣ ሳቂታ ነበር!» ነበር? ሰውየው እዚያው ፊታቸው ተቀምጦ ኪቦርዱን ይደበድባል። ለመመስገን ወይ መሞት ወይ መራቅ ነው ይባል የለ? ይሄ ልጅ ገና ሳይርቅ ተመሰገነ።

ቀጥሎ ምርመራው መጣ። ምክንያቱን ሲጠየቅ «እንዲያው ትንሽ ለውጥ ፈልጌ ነው» ይላል። ትንሽ ለውጥ ማለት ደሞዙ እጥፍ ሆኗል ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከዚያ አንድ በአንድ ኮሪደር ላይ ጠብቀው ይይዙታል። ትከሻውን ቸብ ቸብ፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «እዚያ ቦታ ካለ አደራ እንዳትረሳኝ»። እኔም ብዬዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚሉት ነገር ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። ሰውየው አለ ግን የለም። አዲስ ሥራ አይሰጡትም፣ አለቃ አይፈራም፣ ስብሰባ ላይ ሁላችን በልባችን የምንለውን እሱ ጮክ ብሎ ይለዋል። ርክክብ ሲባል ደግሞ አራት ዓመት የሠራውን በሃያ ደቂቃ ያስረክብሃል። «ይሄ ፎልደር አለ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው» ይልሃል። ስትከፍተው «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ታገኛለህ። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው።

በዚህ ሁሉ መሀል የማንም ዓይን ከአንድ ነገር ላይ አልተነሳም፤ ከወንበሩ። መደገፊያው ያልተሰበረ፣ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት እሺ የሚል፣ በክፍሉ ውስጥ ያለ ብቸኛ ጤነኛ ወንበር ነው። ልጁን «ትናፍቀናለህ» ስንለው ዓይናችን ወደ ታች ነበር። እሱ ሐዘን መስሎት ተነካ።

መዋጮው መጣ። ፖስታው ከስም ዝርዝር ጋር ይዞራል፤ ፊርማ ከማድረግህ በፊት ከላይህ ያለው ስንት እንደጻፈ ታያለህ። ካርዱም ይዞራል። የመጀመሪያው ሰው «መልካም የሥራ ዘመን ይሁንልህ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውም ያንኑ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ «ከላይ እንደተባለው» የሚል አየሁ። ስጦታው የግድግዳ ሰዓት ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ በሰዓት ፊርማ ሲሰቃይ ለኖረ ሰው!

በሽኝቱ ዕለት አለቃችን ንግግር አደረጉ። «እኛ ቤተሰብ ነን» አሉ። «በሰዓቱ የሚገባ፣ ታታሪ» ሲሉ ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው። ንብረት ክፍል ያለችው እህታችን ግን ከልቧ አለቀሰች። ሶፍት ተቀባበልን። በሩ ድረስ ተከትለነው ሁላችንም ቻው፣ ቻው አልን።

ይህቺ ቻው የምንላት ቃል የመጣችው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛም ያገኛት ከቬኒስ ሰዎች አነጋገር ሲሆን መነሻዋ «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነው፤ የትህትና ሰላምታ ነበረች። እንግዲህ ሰው ዓመታት ሙሉ ሲታዘዝ ኖሮ ነፃ በወጣባት ቀን፣ በር ላይ ቆሞ ለአለቃው «ባሪያህ ነኝ» ብሎ እጁን እያውለበለበ ይሄዳል ማለት ነው።

ማታ የቢሮው ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ረጅም የስንብት መልእክት ጻፈ። ልብ ተደረደረለት። ዋትስአፕ ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከግሩፕ ስትወጣ ለአድሚኖቹ ብቻ እንጂ ለሁሉም አይናገርብህም። ስለዚህ መቼ እንደወጣ ያወቀ የለም። ለልደቱ ግሩፑ ላይ «እንኳን ተወለድክ» ብለን ስንጎርፍ ለካ እሱ ከወጣ ቆይቷል። አድሚኑም አውቆ ዝም ብሎናል።

እኔ የሽኝቱ ዕለት ሁሉም እንደተበተነ ወንበሩን ወደ እኔ ጠረጴዛ ሳብኩት። እግረ መንገዴንም ሌላ ሌላውን።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ፤ ልጁ ነው። ክሊራንስ ሊያስፈርም መጥቷል። የምንለው ጠፋን። ቻውን ሙልጭ አድርገን ጨርሰናል፣ እንባውም አልቋል። ያቺ ያለቀሰችው የንብረት ክፍል እህታችን መዝገቧን ገልጣ መነጽሯን አደረገችና «አንድ ማውስ ይቀርብሃል» አለችው። «ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ነው የሄድኩት» ቢላት «እሱን አላውቅም፤ ማውሱ ሳይመጣ አልፈርምም» አለች። ያቺው ሶፍት የጨረሰችው ሴት ናት!

ወደኔ መጣ። ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አላለም።

«ማውሴን አይተሃል?»

«እስቲ አብረን እንፈልግ» አልኩትና ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ አልኩ።